ኑዛዜው ሳያልቅ «ይፍታህ»

አባቴ ከመሞቱ በፊት ሦስት ጊዜ ደውሎልኝ ነበር። አላነሳሁም።

ይቺን አጭር ነገር ለሰው አፍ አውጥቼ ለመናገር አንድ ዓመት ከአራት ወር ፈጅቶብኛል። የነገርኩት ደግሞ ለጓደኛ አይደለም፤ ገንዘብ ከፍዬ ለሄድኩባት የሥነ ልቦና አማካሪ ነው። ሁለተኛ ቀጠሯችን ነበር። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከታች የታክሲ ረዳቶች «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ሶፍት ተቀምጧል። «ይሄን ሶፍት አልነካውም» ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁና ተናገርኩ።

ሁለት ሰከንድ እንኳ የሞላ አይመስለኝም። ወደ ፊት ዘንበል ብላ፣ በጣም ደግ በሆነ ድምፅ፣ «ጥፋተኛ አይደለህም» አለችኝ። «ብታነሳውም ምንም አትለውጥም ነበር።»

ጥሩ ንግግር ነው፣ አይደል? እኔም «እውነትሽን ነው» አልኩ። «በጣም ቀለለኝ» አልኩ። የቀረውን ሰዓት ስለ እንቅልፍ አወራን፤ ከሰዓት በኋላ ቡና እንዳልጠጣ፣ ስልክ ይዤ አልጋ ላይ እንዳልወጣ መከረችኝ። ስወጣ አመሰገንኩ፣ ከፈልኩ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አስያዝኩ። ተመልሼ ግን አልሄድኩም። በቀጠሮው ዋዜማ «ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እደውላለሁ» ብዬ ሜሴጅ ላክሁ። «አይዞህ፣ በተመቸህ ጊዜ» ብላ መለሰች። መዝገቧ ላይ ስለ እኔ ምን ብላ እንደጻፈች እንጃ። ምናልባት «ተሽሎታል» ብላ ይሆናል።

ሳልናገረው የቀረሁት ነገር ይሄ ነው። ያን ቀን ሚቲንግ ላይ አልነበርኩም። ስልኬም ድምፁ አልጠፋም። ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር፤ ማታ የሚለቀቅ ሥራ ስለነበረን ተወጥሬ ነበር። ስልኩ ሲጠራ «አባባ» የሚለውን ስም አየሁ። «አሁን ሃያ ደቂቃ ሊያወራኝ ነው» ብዬ አሰብኩና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሦስተኛውንም። በዚያው ምሽት ደብረ ብርሃን ቤቱ ውስጥ ስትሮክ መታው። ሦስት ቀን ቆይቶ ዐረፈ። በነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ቃል አልተናገረም።

«አላነሳሁም» ማለትና «እያየሁ ገልብጬ አስቀመጥኩት» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን የተናገርኩት ለሁለተኛው መንገድ እየጠረግኩ ነበር። ያቺ ደግ መልስ መሀል ላይ ገባችና መንገዱ ተዘጋ።

*

ይህን የምጽፈው ሴትየዋን ለመክሰስ አይደለም። ጎበዝ ባለሙያ ናት፤ ወደኋላ እንደምታነቡት ከብዙዎቻችን የተሻለ ነገርም አድርጋለች። የከነከነኝ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሰውን ለመርዳት የተቀመጠ ሰው፣ ክፋት ሳይኖርበት፣ እውቀትም ሳያንሰው፣ የተቀመጠለትን ሰው የሚጎዳው እንዴት ነው? እንደዚያ ሲሆንስ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ወሬውን ስጀምር ብቻዬን እንዳልሆንኩ ገባኝ። አንዷ ጓደኛዬ ስለ ፍቺዋ ልታወራ ሄዳ አማካሪዋ የራሱን ፍቺ ሲተርክላት አርባ ደቂቃ አዳምጣ መጣች። «እኔ ነኝ ያጽናናሁት» ትላለች እየሳቀች። ሌላው ስለ ጭንቀቱ ሲናገር ሰውየው ገና በመጀመሪያው ቀን የበሽታ ስም ሰጠው፤ ልጁ እስከ ዛሬ ራሱን በዚያ ስም ይጠራል። አንዷ «ጸሎት ታደርጊያለሽ?» ተባለች። ታደርጋለች፤ የቸገራት መጸለይ ስላቃታት አልነበረም። አንዱ ደግሞ ዝም ባለ ቁጥር ጥያቄ ይወርድበት ነበር፤ «ፈተና ክፍል የገባሁ መሰለኝ» አለኝ።

ከሁሉም የከፋውን የነገረችኝ ልጅ አማካሪዋ ዘንድ ያወራችውን በሳምንቱ ከአክስቷ አፍ ሰማችው። ይሄኛውን ከሌሎቹ ጋር አልቀላቅለውም። የሰው ገበና አውጥቶ መዝራት የሙያ ስህተት ተብሎ አይታለፍም፤ ክህደት ነው። ስለ እሱ ብዙ መከራከር አያስፈልግም። የሚያከራክሩት በቅን ልብ የሚሠሩት ናቸው።

እነሱን ደርድሬ ሳያቸው አንድ የጋራ ነገር አላቸው። በሁሉም ውስጥ አማካሪው ከራሱ ምቾት ማጣት እየሸሸ ነው። ፊቱ የተቀመጠ ሰው ሲያምመው ማየት ይከብዳል። ዝምታም ይከብዳል። «ምን እንደምልህ አላውቅም» ማለት ደግሞ፣ በተለይ ሰው ከፍሎ መጥቶ፣ በጣም ይከብዳል። ስለዚህ አንድ ነገር እናደርጋለን፤ እናጽናናለን፣ ስም እንሰጣለን፣ መፍትሔ እናቀርባለን፣ «እኔም እኮ…» እንላለን። በዚያች ቅጽበት የቀለለው ማን ነው? አማካሪው።

ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ሰዎች ለዚህ ነገር ስም አውጥተውለታል፤ በአማርኛ «የማቃናት ግፊት» ልበለው። ጠማማ ነገር ሲያይ እጁ ሳያስበው ወደዚያ የሚሄድ ሰው አለ አይደል? ግድግዳ ላይ የተንጋደደ ፎቶ ካየ ሳያስተካክለው አይቀመጥም። እነሱ የሚሉት ወደዚህ ሙያ የሚገቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በዚሁ ግፊት ነው፤ ይሄው ደግ ግፊት ግን ፊታቸው የተቀመጠውን ሰው ዝም ያሰኘዋል፣ አንዳንዴም እንዲከላከል ያደርገዋል። የስህተቱ ምንጭ ደግነት ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው ለማየትም ለመናገርም የሚያስቸግረው። የሰደበህን ሰው ትቆጣዋለህ፤ ያጽናናህን ምን ትለዋለህ?

እኔ ቤተ ክርስቲያን አዘውታሪ አይደለሁም፤ ያደግኩት ግን በዚያው ነው። አንድ ነገር አስታውሳለሁ። የነፍስ አባት መጀመሪያ ይሰማሉ። ተናዛዡ ይናገራል፤ የሚያፍርበትን፣ የሚያድበሰብሰውን ሁሉ እስኪጨርስ ይጠበቃል፤ ቀኖናውም «እግዚአብሔር ይፍታህ»ም የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ማንም ቄስ ገና በሩን አልፈህ ስትገባ «ይፍታህ» አይልህም። ቢልህ ደስ አይልህም፤ የተፈታውን ነገር አያውቀውማ! እኔ ላይ የሆነው ይሄ ነው። ኑዛዜዬ ሳያልቅ ተፈታሁ። ያልተናገርኩት ጥፋት ደግሞ ሲፈታ ቋጠሮው ይብሳል፤ ምክንያቱም አሁን «ሙሉውን ብታውቅ እንደዚህ አትለኝም ነበር» የሚል ሌላ ነገር ተጨመረበት።

*

አንድ ሰው «ችግሩ እኮ ከስሙ ይጀምራል» ሊለኝ ይችላል፤ እውነት አለው። በእኛ ቋንቋ ሥራው «የምክር አገልግሎት» ነው የሚባለው። ሰው ምክር ፍለጋ ሄዶ ምክር ቢሰጠው ምን ይገርማል? ታላላቆቻችን እንደዚያ ነው ያሳደጉን፤ ችግርህን ትናገራለህ፣ ሽማግሌ ይመክርሃል፣ «እሺ» ብለህ ትነሳለህ። ብዙ ሰው አማካሪ ዘንድ ሄዶ «ምንም አላለኝም፣ ዝም ብሎ ሲሰማኝ ዋለ፣ ብሬን በላው» ብሎ ሲያማርር ሰምቻለሁ።

ቋንቋው ውስጥ ግን ሌላም ቃል አለ፤ መመካከር። መምከር ከአንዱ ወደ ሌላው ይወርዳል። መመካከር ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ሁለቱም አያውቁም፣ ሁለቱም ያመጣሉ። ሠርግ ሲታሰብ፣ መሬት ሲሸጥ፣ ልጅ ሲዳር ቤተሰብ የሚቀመጠው ሊመካከር ነው። የቢሮው በር ላይ የተለጠፈው የመጀመሪያው ቃል ቢሆንም፣ ውስጥ መደረግ ያለበት ሁለተኛው ይመስለኛል።

በርግጥ ችኮላ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። አንድ ሰው «መኖር አልፈልግም» ሲል «ራስህን ለማጥፋት እያሰብክ ነው?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ፣ ብቻውን አለመተው፣ ሐኪም ዘንድ ማድረስ ግዴታ ነው፤ እዚያ ላይ «ቀስ ብዬ ልስማው» ማለት ራሱ ስህተት ነው። የምለው ሕይወት አደጋ ላይ ስላልሆነበት፣ ብዙውን ሰዓት ስለሚሞላው ተራ ሕመም ነው።

*

እዚህ ድረስ ስጽፍ ራሴን ከተጎጂዎች ወገን አድርጌ ነው። አሁን ወደ ሌላኛው ወንበር ልዛወር።

እኔ ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የተበላሸ ነገር ይመጣልኛል፤ አንብቤ፣ የት ጋ እንደተበላሸ ፈልጌ፣ አስተካክዬ፣ ቲኬቱን እዘጋለሁ። ጥሩ ሠራተኛ የሚባለው ቶሎ የሚዘጋ ነው። ይሄ ልማድ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ድረስ ይከተላል። ሰው ሲያወራኝ ገና አፉን ሲከፍት «እሺ፣ ችግሩ ይሄ ነው» የሚል ድምፅ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጀምራል።

አማካሪዋን ከተውኩ ከአምስት ወር በኋላ፣ አንድ እሁድ ማታ ታናሽ እህቴ ደወለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ከእናታችን ጋር ደብረ ብርሃን ትኖራለች። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ እማማ ደም ግፊት ምናምን አወራን። ልንዘጋ ስንል ዝም አለች። ከዚያ «ያን ቀን እኮ አባባን ደውልለት ያልኩት እኔ ነኝ…» አለች።

እኔ ምን አልኩ? «ሚሚዬ፣ ጥፋተኛ አይደለሽም። እንደዚህ አታስቢ።»

አልዋሽም፤ በጣም ፈጥኜ ነው ያልኩት። ዓረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም ነበር።

«እሺ» አለች። «እውነትህን ነው። ደህና እደር በቃ።»

ስልኩን ዘጋሁና ላፕቶፔን ከፈትኩ። አንድ መስመር ኮድ ሳልጽፍ ግን ያቺ «እሺ» ጆሮዬ ላይ ቀረች። አውቃታለሁ። የራሴ «እሺ» ናት። እኔም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሶፍቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ በዚያው ድምፅ «እውነትሽን ነው» ብያለሁ።

ወዲያው መልሼ ደወልኩ። «ቅድም አላስጨረስኩሽም፤ ምን ልትይኝ ነበር?» አልኳት። መጀመሪያ «ተወው፣ ምንም አይደል» አለች። ዝም አልኩ። በሕይወቴ በስልክ እንደዚያ ረጅም ዝም ብዬ አላውቅም፤ መስመሩ የተቆረጠ መስሏት «ሃሎ?» አለች። «አለሁ» አልኩ። ከዚያ ጀመረች።

ያን ማክሰኞ ጠዋት አባባ ግራ እጁ ደንዝዞበት ነበር። ሲኒ ይዞ አምልጦታል። ትንሽ ቆይቶ ተወው። እህቴ ወደ ሥራ ልትወጣ ስትል «ለእሱ ደውልለት፣ ሐኪም ቤት ይውሰድህ ወይም የሚያውቀውን ሐኪም ይጠይቅልህ» አለችው። ደወለ። ሦስት ጊዜ። «ሥራ ላይ ነው መሰለኝ፣ አልረብሸው» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። እሷም ሰዓት ረፍዶባት ስለነበር ሄደች። «ያን ቀን ከሥራ ብቀር ኖሮ» አለችኝ። ይሄንን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

እንግዲህ አስቡት። «ብታነሳውም ምንም አትለውጥም ነበር» የተባለው ስህተት ሊሆን ይችላል። ስትሮክ ላይ ሰዓት ዋጋ እንዳለው፣ ለጥቂት ጊዜ መጥቶ የሚሄድ መደንዘዝ ማስጠንቀቂያ ሊሆን እንደሚችል ማንኛውም ሐኪም ይነግራችኋል። ባነሳው ኖሮ አባቴ ይተርፍ ነበር ወይ? አይታወቅም። ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። አማካሪዋ ግን ያወቀች ያህል ነበር የተናገረችው። ማጽናኛ ሲመስለን ሳናውቅ ስለ ዓለም አንድ ነገር እየመሰከርን ነው። ምስክርነቱ ውሸት ሆኖ ከተገኘ፣ ማጽናኛው ላይ የተደገፈ ሰው አብሮ ይወድቃል።

ለእህቴ ምንም መፍትሔ አልሰጠኋትም። «እኔም ስልኩን እያየሁት ነበር» አልኳት። እሷም ዝም አለች። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ማናችንም «ጥፋተኛ አይደለሽም/አይደለህም» አልተባባልንም። በማግስቱ ጠዋት «ዛሬ ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ» የሚል ሜሴጅ ላከችልኝ።

*

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

መጀመሪያ ላይ «መቸኮሉ ላይ» ብዬ ነበር የማስበው። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። ሰው ይቸኩላል። እኔ ቸኩያለሁ፤ ነገም እቸኩላለሁ። ልዩነቱ የእህቴን «እሺ» ሰምቼ መልሼ መደወሌ ነበር። ያውም ዕድለኛ ሆኜ ነው፤ ያቺን «እሺ» ከዚያ በፊት ራሴ ብያት ባላውቅ ኖሮ አልለያትም ነበር። የአማካሪ ትልቁ አደጋ መሳሳቱ አይደለም፤ ስህተቱ የማይሰማበት ወንበር ላይ መቀመጡ ነው።

በእኔ ሥራ አንድ ሲስተም ሲበላሽ ይጮኻል። ሎግ አለ፣ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ከሁሉም በላይ የሚሳደብ ተጠቃሚ አለ። አማካሪ ዘንድ ሲበላሽ ምን ይሆናል? ሰውየው ያመሰግናል፣ ይከፍላል፣ አይመለስም። በተለይ እኛ ዘንድ! ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። «ያልሽኝ አልረዳኝም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ነውር ነው፤ በዕድሜም በትምህርትም ለሚበልጥ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። «ዝም አይነቅዝም» ብለን አድገናል። ጄረሚ ሳፍራንና ክሪስቶፈር ሙራን በአማካሪና በታካሚ መካከል ያለው ግንኙነት የሚሰነጠቅበትን መንገድ ሲያጠኑ ሁለት ዓይነት አይተዋል፤ አንዱ ሰው ተቆጥቶ የሚጋፈጥበት ነው፣ ሌላው ደግሞ እሺ እሺ እያለ ቀስ ብሎ ወደ ውስጡ የሚሸሽበት። የሁለተኛው አስቸጋሪነት ከውጭ ሲታይ ስምምነት መምሰሉ ነው። የእኔ ስንጥቅ «በጣም ቀለለኝ» የሚል ነበር።

ባለሙያው ራሱ ያየዋል እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት አለ፤ ከሠሩት አንዱ ማይክል ላምበርት ነው። አማካሪዎች ከ550 ታካሚዎቻቸው ውስጥ እየባሰባቸው የሚጨርሱት የትኞቹ እንደሆኑ እንዲገምቱ ተጠየቁ። 3 ሰዎች ብለው ገመቱ። በመጨረሻ የባሰባቸው 40 ሆኑ። ከሦስቱ ግምት ትክክል የነበረው አንዱ ብቻ ነው። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 129 የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ስለ ራሳቸው ብቃት ጠየቀ፤ ከአማካይ በታች ነኝ ያለ አንድም ሰው አልተገኘም፤ ሩብ ያህሉ ራሳቸውን ከላይኞቹ አሥር በመቶ ውስጥ መደቡ። ይሄን ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ከዚያ እኔም ስለ ኮዴ ብጠየቅ ምን እንደምል አሰብኩና ሳቄ ቆመ።

ላምበርትና ባልደረቦቹ ያቀረቡት መላ ቀላል ነው። በየቀጠሮው ሰውየው አጭር መጠይቅ ይሞላል፤ እየባሰበት ከሆነ አማካሪው ምልክት ይደርሰዋል። ግምቱን ትቶ ይጠይቃል ማለት ነው። ነገሩን ከአማርኛ ይሉኝታ ጋር ስናየው ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፤ «ደህና ነበር?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ መልሱ ምንጊዜም «በጣም ደህና» ነው። «ዛሬ ካልኩት ውስጥ የቱ አልተመቸህም? ልትነግረኝ ፈልገህ ያላስጨረስኩህ ነገር አለ?» ማለት ያስፈልጋል። መልስ ያለ ነውር እንዲወጣ በሩን ከፍቶ መጠየቅ።

*

እና ማሽን ቢሰማንስ? የሙያ አጋሮቼ ይሄን ሳይጠይቁኝ አይቀሩም፤ ዛሬ ስንቶቻችን ነን ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ለቻትቦት ሆዳችንን የምንዘረግፈው። ማሽን አይቸኩልም፣ አይደክመውም፣ ለአክስትህ አይነግርም (ይህቺ እንኳ ታጠራጥራለች)።

ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤምአይቲ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኢላይዛ የምትባል ፕሮግራም አሳተመ። «ዶክተር» በተባለው ስክሪፕቷ ኢላይዛ የምትሠራው ቀላል ነገር ነው፤ የጻፍከውን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ ጥያቄ አድርጋ ትመልስልሃለች። ምንም አይገባትም። ሆኖም የዋይዘንባውም የራሱ ጸሐፊ፣ ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየች ሴት፣ ከኢላይዛ ጋር ትንሽ እንደተጻጻፈች ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ሰውየው በጣም ደነገጠ፤ አሥር ዓመት ቆይቶም ስለዚህ ጉዳይ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። ኢላይዛ የእኔን አማካሪ ስህተት አትሠራም ነበር። «አላነሳሁም» ብላት «ስላላነሳህ ምን ተሰማህ?» ትለኝ ነበር፤ ምናልባት እቀጥልም ነበር። ስለዚህ ዝም ብሎ ማዳመጥን እንደ ዘዴ ብቻ ካየነው፣ አንድ የ1966 ፕሮግራም ከሰው ይሻላል። ኢላይዛ የማትችለው ነገር ግን ተሳስታ መጸጸት ነው። ሄደህ «ጎዳሽኝ» ብትላት ያንኑ ገልብጣ «ለምን ጎዳሁህ ትላለህ?» ከማለት አታልፍም። የምትጠየቅበት ነገር የላትም። የሰው አማካሪ ከማሽን የሚበልጠው ባለመሳሳቱ ከመሰለን ውድድሩን ተሸንፈናል። የሚበልጠው ስህተቱ የራሱ ሊሆን ስለሚችል ነው።

*

አንድ ጥያቄ ግን ሳልጠይቀው ብቀር ውሸታም እሆናለሁ። እኔስ? የተጎዳ ሰው ለጎዳው ሐኪም እውነቱን የመንገር ዕዳ አለበት?

ዕዳ አለበት ማለት ይከብደኛል። ሁለቱ ወንበሮች እኩል አይደሉም፤ አንዱ ላይ የተቀመጠው ተሰብሮ ነው የመጣው፣ ሌላው ተከፍሎት ነው የተቀመጠው። የመጠየቅ ሥራው የባለሙያው ነው። ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት የምናውቀው እኛው ነን። ከዚያም በላይ፣ ከእኔ በኋላ ያቺ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አለ። እኔ «በጣም ቀለለኝ» ብዬ በወጣሁ ቁጥር ለእሷ «እንደዚሁ ቀጥይ» እያልኳት ነው።

በሰባተኛው ወር ደወልኩላት። ቀጠሮ ሰጠችኝ። ያው ፎቅ፣ ያው ሶፍት። እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ያለማጋነን በወረቀት ጽፌ የሄድኩትን አነበብኩላት፤ ስልኩን እንደገለበጥኩት፣ እህቴ የነገረችኝን፣ ያን ቀን «ጥፋተኛ አይደለህም» ስትለኝ ለምን እንዳልተመለስኩ። ስጨርስ ልትከላከል ትችላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ወይም አሥር ጊዜ ይቅርታ ብላ እኔ ራሴ እንዳጽናናት ታደርገኛለች ብዬ።

ሁለቱንም አላደረገችም። ትንሽ ቆየች። «ይሄንን አላውቅም ነበር» አለች። «ሳላውቅ ነው የተናገርኩት። ሲያምምህ ማየት ከበደኝና ቸኮልኩ። ይቅርታ።» ከዚያ እንደገና ዝም አለች፤ በዚህኛው ዝምታ ግን ቦታ ነበረው።

«ጥፋተኛ ነኝ እንዴ?» አልኳት።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ፤ ኢላይዛም ይሄንኑ ልትለኝ ትችል ነበር። ይቺ ግን መልሱን ፈርታው ነበር፤ ዓይኗ ላይ አየሁት። ፈርታም ትጠብቅ ነበር።

ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። «የለሁበትም» አላልኩም፤ «ገደልኩት»ም አላልኩም። በሁለቱ መሀል ያለውን ነገር ለመናገር የቀረውን ሰዓት በሙሉ ፈጀሁ። እሷ ብዙ አላወራችም። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው «ዛሬ ያላስጨረስኩህ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለ አልኳት። ለሚቀጥለው ቀጠሮ አስያዝኩ።

ሄድኩም።